ለቤት ብለን ተፋታን

መጀመሪያ ስለ ፍቺያችን ልንገራችሁ፤ ከሠርጋችን ቀን ይልቅ የሳቅነው ያን ቀን ነውና። ከፍርድ ቤት እንደወጣን ማርቆስ ባጃጅ አስቆመና ሹፌሩን «ወደ አሳ ገበያ ንዳው፤ ዛሬ ከሚስቴ ስለተፋታሁ ምሳ ልጋብዛት ነው» አለው። ሹፌሩ በመስታወት እያየን ግራ ገባው። ሐይቁ ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ አሳ በዳጣ ስንበላ፣ ዳኛዋ «በደንብ አስባችሁበታል ወይ?» ስትለን እንዴት አንገቱን ደፍቶ እንዳዘነ እያስመሰለ ሲያሳየኝ የአሳው አጥንት ሊያንቀኝ ነበር።

«እንግዲህ አንቺ ፈት ነሽ፣ እኔም ወንደላጤ ነኝ» አለኝ። «ማታ ቤትሽ ብመጣ ሰው ምን ይላል?»

«ኪራይ እስከከፈልክ ድረስ እትዬ ከድጃ ምንም አይሉህም» አልኩት።

አስቴር እባላለሁ። ያኔ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የልብስ እጥበት ክፍል ውስጥ የእንግዶች አንሶላ አጥብና እተኩስ ነበር። ማርቆስ ግንበኛ ነው። ከልጃችን ከማርታ ጋር ሦስታችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እትዬ ከድጃ ግቢ ካሉት የኪራይ ክፍሎች በአንዷ እንኖር ነበር። እትዬ ከድጃ ከግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ያላቸው፣ አፋቸው የማይቻል፣ ልባቸው ግን የእናት የሆነ ሴት ናቸው። ክፍላችን አልጋው ከገባ በኋላ ሰው የሚገባባት በጎኑ ነው። ማርቆስ የሰው ሳሎን ሲገነባ ውሎ ሲመጣ ጫማውን የሚያወልቀው ደጅ ቆሞ ነው፤ ውስጥ ጎንበስ የሚልበት ቦታ አልነበረም።

መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የጋራ መኖሪያ ቤት ሊሠራ ነው፣ በየወሩ እየቆጠባችሁ ቀሪውን በረጅም ጊዜ ትከፍላላችሁ ሲባል ሰምቼ ከሥራ ቀርቼ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየና «ባለቤትሽ ቱላ ላይ ቦታ አለው። በስሙ ቦታ ያለው ሰው ሚስትም አትመዘገብም» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማርቆስ አባት በሕይወት ሳሉ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቱላ ያለው መሬታቸው ሲለካ በታላቅ ልጃቸው ስም እንዲሆን ወሰኑ። ታላቁ ማርቆስ ነው፤ ከተማ የሚኖረውና ቢሮ ገብቶ የሚናገረውም እሱ ነበር። መሬቱ ላይ የሚኖሩት ግን እናቱና ታናሽ ወንድሙ ሳሙኤል ከነልጆቹ ናቸው። እንሰቱን የተከሉት እናቱ ናቸው። ማርቆስ ከዚያ መሬት አንዲት ቅጠል የእኔ ናት ብሎ አያውቅም። ስሙን እናዛውር ማለት ደግሞ ሟች አባት የተናገሩትን ማፍረስ ነው፤ እናት ቁጭ ብለው እያዩ የሚሞከር ነገር አይደለም። በዚያ በኩል ብዙ የበኩር ወንድ ልጆች የማያርሱት መሬት በስማቸው አለ።

ይህን ሁሉ ለመስኮቱ ሰው ላስረዳው ሞከርኩ። ክፉ ሰው አልነበረም። «ገብቶኛል፤ ግን መመሪያው ይህን አያውቅም» አለኝ። «ብቻሽን ልጅ የምታሳድጊ ብትሆኚ ኖሮ እንዲያውም ቅድሚያ ነበረሽ።» ከዚያ የሚቀጥለውን ጠራ።

ማታ ለማርቆስ ስነግረው ትንሽ አሰበና ሳቀ። «በወረቀት እንፋታ። ቁልፉን በተቀበልሽ ማግሥት እንደገና አገባሻለሁ። ያኔ ሳልደግስልሽ የቀረሁትን ድግስ በአዲሱ ቤት እደግስልሻለሁ።» በሠርጋችን ጊዜ አባቱ ታመው ስለነበር ድግስ የሚባል አልነበረንም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይቆጨው ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ለእናቱም ሳንናገር ፍርድ ቤት ሄድን። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ እንደኛ ተስማምቶ የሚኖር የተፋታ ሰው አልነበረም።

ዓመታት አለፉ፤ ስቆጥብ ቆየሁና እጣው ወጣልኝ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ማርቆስ ገና ያልተጠናቀቀውን ሕንፃ ለማየት በየሳምንቱ ይሄድ ነበር። ሠራተኞቹ ስለሚያውቁት ያስገቡታል። ሲመለስ ሊጥ ማቡኪያው ላይ ባለው ዱቄት በጣቱ እየሳለ ያሳየኛል፤ አልጋችን እዚህ፣ የማርታ አልጋ እዚህ፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው በዚህ። «ልስኑን ግን አበላሽተውታል» ይላል። «ስንገባ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ከዚያ «እጣ የወጣላቸው ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየተሄደ ይጣራል፤ መቼ እንደሚመጡም አይታወቅም» ተባለ። እትዬ ከድጃ ሱቃቸው ውስጥ ሰምተው እየሮጡ መጡ።

«ይህ ወንድ ከዚህ ግቢ ይውጣ!» አሉ፣ ማርቆስን በጣታቸው እየጠቆሙ። «ጫማው ይውጣ። ምላጩ ይውጣ። ሱሪው ከገመዱ ይውረድ። እኔ ለአንቺ ብዬ ከዋሸሁ አይቀር ግማሽ ውሸት አልዋሽም!»

እየሳቅን አወጣን። የሠርጋችንን ፎቶ ሲያወርድ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀረ። ግንበኛ ነውና አላስቻለውም፤ ቀለም ልግዛ አለ። የማርታን የትምህርት ቤት ሥዕል ለጠፍንበት። ማርታን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስጠናትም እሱ ራሱ ነው።

«አባትሽ የት ነው ሲሉሽ ምን ትያለሽ?»

«አያቴ ጋ፣ ቱላ!»

«አይ፣ ቱላ የሚባል ነገር የለም። ‹አባዬ ከእኛ ጋር አይኖርም› በይ።»

«ግን ትኖራለህ።»

«ለጥቂት ቀን ነው፤ ጨዋታ ነው። በይ እስኪ።»

«አባዬ ከእኛ ጋር አይኖርም» አለችና ሳቀች።

«ሳትስቂ።»

ደጋግሞ አስባላት። በመጨረሻ ሳትስቅ አለችው። ግንባሯን ሳማት፤ ልብሱንና ፎቶውን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ወደ ወንድሙ ቤት፣ ወደ ቱላ ሄደ። እናቱ «ምነው ብቻህን?» ቢሉት «እዚያው አካባቢ ሥራ አግኝቼ ነው» አላቸው።

እኔ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት ቁጭ ብዬ ኮሚቴ መጠበቅ ጀመርኩ። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ማታ ማታ እንደዋወላለን። በመጀመሪያው ምሽት የወንድሙ ልጆች አላስተኛ አሉኝ እያለ ሳቀ። ቀጥሎ ስደውል ድምፁ ደከመብኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«ጨጓራዬ ነው፤ ታውቂው የለ።»

አውቀዋለሁ። ሲሚንቶ ሲያቦካ ውሎ ሳይበላ ስለሚያመሽ ጨጓራው ይነሳበታል። አብሽ በጥብጠው ይስጡህ አልኩት። በማግሥቱ ግን ሲያወራኝ መሃል መሃል ላይ ዝም ይል ጀመር። ዝም ሲል ትንፋሹ ይሰማኛል።

«ማርቆስ፣ አሁኑኑ ልምጣ። ሆስፒታል እንሂድ።»

«በምን እንታከማለን? የጤና መድን ደብተራችን ላይ ባልና ሚስት ነን፤ ረሳሽው? እሱን ይዘን የወጣን ዕለት አበቃልን።»

«በራሳችን ገንዘብ እንታከማ!»

«ለሆድ ቁርጠት ብለሽ የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ ልትነኪ ነው? ተይ አስቴር። ደግሞ አንቺ ቱላ ስትመጪ የሚያይሽ አይጠፋም። ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀን ሁለት ቀን ያቅተናል? እነሱ መጥተው ሳይሄዱ እንዳትመጪ። ማርታን ብለሽ።»

ስልኩን ለሳሙኤል እንዲሰጠው ለመንኩት። ሳሙኤል ተቀብሎ «ደህና ነው፣ ትንሽ ነው» አለኝ። ማርቆስ አጠገቡ ተኝቶ በዓይኑ እየተቆጣው እንደነበር ኋላ ነው የነገረኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም፤ ቢሆንም አልሄድኩም። ሊነጋጋ ሲል ተነስቼ ነጠላዬን ለበስኩና በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ዛሬም በሕልሜ እዚያ በር ላይ ነኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። አንዲት ሴትና ሁለት ወንዶች ናቸው። ሴትየዋ ትሁት ናት፤ ጫማዋን ላውልቅ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። እትዬ ከድጃ ሳይጠሩ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ስንት ናችሁ እዚህ ቤት?»

«እኔና ልጄ።»

«የልጅሽ አባትስ?»

«ተፋተናል።»

«ይረዳሻል?»

«ምን ይረዳታል!» አሉ እትዬ ከድጃ። «እኔ ኪራይ እየማርኳት ነው የምትኖረው። ወንድ ብሎ ዝም!» ማርቆስ እዚያ ቢኖር እንዴት ይስቅ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ስልኬ ጮኸ። ጫማውን፣ ምላጩን፣ ፎቶውን አውጥተን ከስልኬ ላይ ስሙን ማውጣት ረስተን ነበር። «የማርታ አባት» ይላል፣ በትልቁ። ቶሎ ገልብጬ አስቀመጥኩት። ጮኾ ጮኾ አቆመ። እንደገና ጀመረ።

«አንሺው እንጂ፤ እኛ እንጠብቃለን» አለች ሴትየዋ።

«የሥራ ቦታ ናቸው፤ ኋላ እደውላለሁ።»

እጄን ስልኩ ላይ እንዳደረግኩ ነበር። ሲነዝር መዳፌ ላይ ይሰማኛል። ሴትየዋ ወደ ማርታ ዞር አለች። «የኔ ቆንጆ፣ አባትሽ የት ነው?»

ማርታ እኔን አየችኝ። ከዚያ አባቷ እንዳስጠናት፣ ሳትስቅ፣ «አባዬ ከእኛ ጋር አይኖርም» አለች።

ሴትየዋ ራሷን ዳበሰቻት። ስትወጣ እጄን ይዛ «በርቺ። እንዳንቺ ላሉት ነው ቤቱ የተሠራው። ስማችሁ ለጥቆማ ይለጠፋል፤ ተቃውሞ ካልመጣ አለቀ» አለችኝ። ከግቢው ሲወጡ እትዬ ከድጃ አቅፈውኝ ዘለሉ፤ እኔም ዘለልኩ። ከዚያ ስልኩን አንስቼ ደወልኩና እስኪያናግረኝ ሳልጠብቅ «ማርቆስ፣ ና! አለፍን! ና ቤትህ ግባ!» አልኩ።

ያነሳው ሳሙኤል ነበር። «አስቴር» አለኝ። «ሆስፒታል ነን።»

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ ወደ ቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ነበር። ፊቱ ሲሚንቶ መስሏል። ሐኪሙ ትርፍ አንጀቱ ከፈነዳ ቆይቷል፣ እስካሁን የት ነበራችሁ እያለ ሳሙኤልን ይቆጣዋል። ማርቆስ ሲያየኝ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«መጡ?»

«መጡ።»

«አለፍን?»

«አለፍን።»

ፈገግ አለ። እጄን ጨበጠኝ፤ መዳፉ ሻካራ ነው፣ ያን ቀን ግን ይፋጅ ነበር። ነርሷ ለቀዶ ጥገናው የሚፈርም ቤተሰብ ጠራች። ወደ ፊት ስሄድ «ምኑ ነሽ?» አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሳሙኤል «እህታችን ናት፤ እኔ ወንድሙ እፈርማለሁ» አለ። ዘወር ስል በዓይኑ ለመነኝ። ማርቆስን ገፍተው አስገቡት። ሳይነቃ፣ ጎህ ሲቀድ አረፈ።

ሳሙኤል ግድግዳው ሥር አስቀመጠኝና እያለቀሰ እንዲህ አለኝ። «ስማችሁ ሊለጠፍ ነው። ቀብሩ ላይ ስንት ሰው ይመጣል፤ አንዱ ሄዶ ሚስቱ ናት ቢል ቤቱ ይቀራል። እሱ ትናንት ሲያቃስት አድሮ ሆስፒታል አልሄድም ያለው ለዚህ ነው። የሞተበትን ነገር አናፍርስበት። ለቅሶው እኛ ቤት ይሁን፣ አንቺ እንደ ለቀስተኛ ነይ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ እሺ ሆነ።

ቱላ ድንኳኑ ውስጥ እናቱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አማርኛ ብዙም አይችሉም፤ እኔም የወላይታ ልጅ ስለሆንኩ ሲዳምኛዬ የሰላምታ ያህል ነው። ያም ሆኖ ያን ሁሉ ዓመት ተግባብተን ኖረናል። እንደገባሁ እጃቸውን ዘርግተው አጠገባቸው ያለውን ቦታ መቱት፤ የሚስት ቦታ ነው፣ ለእኔ ይዘውልኝ ነበር። ድንኳኑ በሰው ሞልቷል፣ ግማሹን አላውቀውም። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩና ወደ ኋላ ሄጄ ከለቀስተኞቹ መሃል ተቀመጥኩ። እጃቸው ባዶው ቦታ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። ከዚያ አንዲት ሴት ጆሯቸው ላይ የሆነ ነገር አንሾካሾከች፤ ፍርድ ቤት ያየን የሚያውቀን ሰው ቱላ ድረስ ወሬውን አድርሶት ኖሯል። እናቱ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ወደ እኔ አልመለሱም።

ቀብሩ ላይ አንድ ሽማግሌ የሕይወት ታሪኩን አነበቡ። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ታታሪ ግንበኛ እንደነበረ ተነበበ። «የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበር» አሉና ወረቀቱን አጠፉት። ማርታ እጄን ይዛ ቆማለች። ቀና ብላ «አንቺን ረሱሽ» አለችኝ። እንደ ሚስት ጮኼ ማልቀስ አልቻልኩም፤ የለቀስተኛ ልቅሶ ልኩ ስንት እንደሆነ እያሰብኩ አለቀስኩ።

ስሞቹ ተለጠፉ። አንድም ሰው አልጠቆመም። ምናልባት ብጮህም ኖሮ ማንም አይጠቁምብኝም ነበር፤ ይህን ሳስብ ነው የማብደው።

ቁልፍ ልቀበል ስሄድ ሠራተኛው ውሉን እየሞላ «የጋብቻ ሁኔታ፣ የተፋታች» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«የልጄ አባት ሞቷል» አልኩት።

«ነፍስ ይማር። ሲሞት ሚስቱ ነበርሽ?»

ቢሮው ውስጥ ወረፋ የያዙ ሰዎች አሉ። «አይ» አልኩ።

«እንግዲያው ባል የሞተባት አይባልም። ፈት ነሽ ማለት ነው» አለና ቁልፉን ሰጠኝ። «እንኳን ደስ ያለሽ!»

አጨበጨቡልኝ፤ ወረፋ የያዙት ሁሉ።

በሳምንቱ ቱላ ሄድኩ። እናቱ ፊት ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ሳሙኤል እያስተረጎመ። ፍርድ ቤቱን፣ ደብተሩን፣ ኮሚቴውን፣ ሁሉን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ሳሙኤል ሊተረጉመው አልፈለገም፣ ግን ገባኝ። «ታሞ ተኝቶ ሳለ ለምን አልመጣሽም?» ነው ያሉት። ያዘዘኝ እሱ ነው ልል አሰብኩና ተውኩት። ለእናት የሚሆን መልስ አይደለም። ማርታን ሳሟት፤ እኔን ግን አልሳሙኝም፣ እስከ ዛሬም።

አሁን የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ጠዋት ፀሐይ የሚገባው እሱ ባሳየኝ በኩል ነው። ልስኑ እውነትም ተበላሽቷል፤ ብዙ ቦታ ላይ ተሰነጣጥቋል፣ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ምክር ጠብቃችሁ እዚህ ድረስ ካነበባችሁ አዝናለሁ፣ ምክር የለኝም። ቤት የሌለው ሰው ለቤት ብሎ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ አትፋቱ ብል አትሰሙኝም፣ እኔም አልሰማም ነበር። ሰዎች ዕድለኛ ነሽ ይሉኛል። እኔ ግን ይህን ቤት አልወደውም። በየወሩ እከፍልበታለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ እተኛበታለሁ፤ አልወደውም። የሠርጋችንን ፎቶ አንዳንዴ ከከረጢቱ አወጣዋለሁ፣ ግን ልሰቅለው ሚስማር ሳነሳ ይህ ቤት የተሰጠው ለፈት ሴት ነው የሚል ድምፅ ይመጣብኛልና መልሼ እከተዋለሁ።

በቅርቡ ከጎናችን ያለው ቤት አዳዲስ ሰዎች ገቡበት። ሴትየዋ ተግባቢ ናት፤ በገባች ማግሥት ዳቦ ይዛ ልትተዋወቀን መጣች። በሩን ከፍቼ ቆሜ ስናወራ ማርታ ከኋላዬ መጥታ ቀሚሴን ያዘች። አሁን አድጋለች።

«ባለቤትሽ ሥራ ነው?» አለችኝ ጎረቤቴ።

 ሞቷል ልበል ወይስ ተፋተናል? ሁለቱንም አፌ ላይ ይዤ ቆምኩ። ማርታ እስክመልስ አልጠበቀችም። ቀና ብላ ሴትየዋን እያየች፣ ያን ቀን ጭኑ ላይ ሆና ባጠናችው ድምፅ፣ ሳትስቅ፣ «አባዬ ከእኛ ጋር አይኖርም» አለቻት።